ሽቦዎቹ ሳይገናኙ ኃይሉ እንዴት ይሻገራል? ስለ ነጠላ ፌዝ ትራንስፎርመር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ በልብስ ስፌት ከሚተዳደር ወጣት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ ከአሜሪካ 110 ቮልት የሆነ የስፌት መኪና ላከልኝ። ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ወርጄ 220ን ወደ 110 የሚቀንስ፣ 500 ዋት የሚል ትራንስፎርመር ገዛሁ። ይሠራል። ግን በቴስተር ስለካው ከግድግዳው የሚገባው ሽቦና ወደ መኪናዬ የሚሄደው ሽቦ ጭራሽ አይገናኙም። ታዲያ መብራቱ በየት በኩል ያልፋል? ምንም ሳልሰካበትስ ለምን እያጎመጎመ ይሞቃል? የ110 ካውያም ተልኮልኛል፣ እሱ ላይ ልሰካው? መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሶላሩ ባትሪ ጋር ባገናኘውስ?»

ወንድሜ፣ በቴስተር መለካትህ ጥሩ ነው፤ የለካኸውም ልክ ነው። ያንተው ነጠላ ፌዝ ነው፤ ማለትም ኃይል ይዞ የሚመጣው ሽቦ (ፌዙ) አንድ ብቻ ነው፣ ሌላው መመለሻ ነው። እዚያ ሣጥን ውስጥ ሁለት የተለያዩ የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች አሉ። ከግድግዳው 220 የሚቀበለውን ጥቅል የትራንስፎርመር ጠምጣሚዎች ፕራይመሪ ይሉታል፤ 110 የሚያወጣው ሰከንደሪ ነው። ሽቦዎቹ ቫርኒሽ የተቀቡ ናቸው፣ በመሃላቸውም መለያ፣ ማለትም መብራት የማያሳልፍ ወረቀት ወይም ፕላስቲክ፣ ገብቷል። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው አንድ ብረት ላይ መጠምጠማቸው ብቻ ነው። ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው አንዲትም ኤሌክትሮን አትሻገርም።

ቴስተሩን ገና አታስቀምጠው። ትራንስፎርመሩን ከግድግዳው ንቀልና በራሱ ሶኬት ሁለት ጥርሶች መሃል ኦም (ሽቦው ከረንትን የሚቋቋምበትን መጠን) ለካ፤ ጣትህ ጫፎቹን አይንካ፣ ቴስተሩ ሲላቀቅ ጥቅሉ ትንሽ ሊነዝርህ ይችላል። 500 ዋት በሆነ ትራንስፎርመር ላይ 2 ኦም አካባቢ ታነባለህ። በኦም ሕግ 220ን ለ2 ስታካፍለው 110 አምፔር ይወጣል። ይህን ያህል ከረንት ቢገባ ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል፣ ብሬከር ከሌለም ሽቦው ይነዳል። ትራንስፎርመሩ ባዶውን ሲሰካ በተግባር የሚስበው ግን 0.2 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። የቀረው 109 አምፔር ለምን አልገባም? የጠየቅከኝ ሁሉ መልሱ እዚህ ውስጥ ስላለ ቀስ ብዬ ልሂድበት።

የግድግዳው መብራት ተለዋዋጭ ነው። በሰከንድ 50 ዑደት ይሠራል፤ ስለዚህ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን ይቀይራል። ከረንት በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ በዙሪያው ማግኔት ይፈጠራል። ሽቦው ብረት ላይ ሲጠመጠም ማግኔቱ በብረቱ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ከመብራቱም ጋር አብሮ ያድጋል፣ ይቀንሳል፣ ይገለበጣል። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 የብረት ቀለበት ወስዶ ሁለት ጥቅሎችን ለየብቻ ጠመጠመበት፤ አንዱን ከባትሪ፣ ሌላውን ከመለኪያ ጋር አገናኘ። የመለኪያው መርፌ የተንቀሳቀሰችው ባትሪው ሲገናኝና ሲላቀቅ ብቻ ነበር። ባትሪው እንደተገናኘ ሲቆይ መርፌዋ ወደ ዜሮ ተመልሳ ቆመች። በሽቦ ዙር ውስጥ የሚያልፍ ማግኔት ሲለወጥ በሽቦው ላይ ቮልት ይወለዳል፤ ካልተለወጠ ግን የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ምንም አይወለድም። ይህቺን የፋራዳይ መርፌ ያዝልኝ፣ ስለ ባትሪው ስመልስልህ እንፈልጋታለን።

ማግኔቱ የትኛው ዙር የማን እንደሆነ አይለይም። ብረቱን የከበበው እያንዳንዱ ዙር፣ የፕራይመሪም ሆነ የሰከንደሪ፣ እኩል ቮልት ይደርሰዋል። ያንተን በሚያክል ትራንስፎርመር ላይ ለአንድ ቮልት 1.5 ዙር አካባቢ ይሰጣል። ስለዚህ የ220ው ጥቅል 330 ዙር፣ የ110ሩ ደግሞ 165 ዙር ይሆናል። ዙሩ በግማሽ ስላነሰ ቮልቱም በግማሽ አነሰ፤ ከዚህ ያለፈ ምስጢር የለውም። ጥሩ ጠምጣሚ ለሰከንደሪው 5 በመቶ ያህል ዙር ይጨምርለታል፣ ምክንያቱም ሥራ ላይ ሲሆን ቮልቱ ትንሽ ይወርዳል። ባዶውን ስትለካው 115 ወይም 116 ካሳየህ ለዚህ ነው፤ አትደንግጥ።

አብዛኛው ማብራሪያ እዚህ ላይ ያቆማል። ዋናው ነገር ግን ገና ነው። ያ የሚለዋወጥ ማግኔት በራሱ በፕራይመሪው 330 ዙሮች ውስጥም ያልፋል። እዚያም ቮልት ይወልዳል፤ የሚወልደው ቮልት ከግድግዳው የሚመጣውን የሚቃወም ነው። ግድግዳው 220 ሲገፋ ጥቅሉ ራሱ ወደ 220 የሚጠጋ ቮልት መልሶ ይገፋል። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከውጭና ከውስጥ ሆነው በእኩል ጉልበት ሲገፉ በሩ አይነቃነቅም፤ ሁለቱም ጉልበተኞች ቢሆኑም። እዚህም በሁለቱ ግፊቶች መካከል የሚተርፈው ልዩነት ከግማሽ ቮልት ያነሰ ነው፤ በ2 ኦም ውስጥ 0.2 አምፔር የሚያሳልፈው እሱ ነው። 109ኙን አምፔር ያስቀረው የሽቦው ኦም አይደለም፣ ይህ ተቃራኒ ቮልት ነው። ይህ ተቃራኒ ቮልት በሆነ ምክንያት ከጠፋ ትራንስፎርመሩ ተራ ሽቦ ሆኖ ይቀራል።

አሁን የስፌት መኪናህን ሰካና ፔዳሉን ርገጥ። ሰከንደሪው ውስጥ ከረንት መሄድ ይጀምራል። ያም ከረንት በተራው ማግኔት ይሠራል፤ አቅጣጫው ግን የፕራይመሪውን ማግኔት የሚያዳክም ነው። ብረቱ ውስጥ ያለው ማግኔት ጥቂት ሲደክም ተቃራኒው ቮልት ጥቂት ይቀንሳል። ያኔ ግድግዳው ያሸንፍና ተጨማሪ ከረንት ወደ ፕራይመሪው ይገባል፣ ማግኔቱም ሰከንደሪው ያጎደለበትን መልሶ ይሞላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እግርህ ፔዳሉን ሲነካ፣ በዚያው ቅጽበት ነው። ፔዳሉን ስትለቅ በተገላቢጦሽ ይመለሳል። ውስጡ ቁጥጥር የሚያደርግ ምንም ዕቃ የለም፣ ሽቦና ብረት ብቻ ነው፤ ሆኖም ፕራይመሪው ሰከንደሪው የጠየቀውን ያህል ብቻ ይስባል፣ አያበዛም አያሳንስም። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰውም ቢሆን ይህን ሲያስበው ይገርመዋል፤ እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

ሙሉ 500 ዋት ስትስብበት ሰከንደሪው 110 ቮልት ላይ 4.5 አምፔር ያህል ይሰጣል፤ ፕራይመሪው ደግሞ 220 ላይ 2.3 አምፔር ገደማ ይስባል። ቮልቱ ግማሽ ሲሆን ከረንቱ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው የወጪው ሽቦ ከገቢው ወፍራም የሆነው፤ የትኛው ጥቅል የቱ እንደሆነ ከጠፋህ ከሽቦው ውፍረት ታውቀዋለህ። በዚህ ጭነት 2.3 አምፔር በ2 ኦም ውስጥ ሲያልፍ 4.6 ቮልት ይወስዳል፤ ተቃራኒው ቮልት ከ220 ወደ 215 ግድም ወርዷል ማለት ነው። ጭነቱ ከምንም ወደ ሙሉ ሲያድግ ማግኔቱ የቀነሰው ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው።

ቮልትና ከረንት እንዲህ መለዋወጣቸው የአገር መብራት የቆመበት ነገር ነው። በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ኃይል ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ከረንቱን በግማሽ መቀነስ ብክነቱን ወደ ሩብ ያወርደዋል። 1 ሺህ ኪሎዋት በ220 ቮልት ለማድረስ ከ4,500 አምፔር በላይ ያስፈልጋል፤ በ15 ሺህ ቮልት ግን 67 አምፔር ይበቃል። በከተሞቻችን ምሰሶዎች ላይ ተሰቅለው የምታያቸው ባለ ዘይት ትራንስፎርመሮች ብዙውን ጊዜ ይህን 15 ሺህ ቮልት ተቀብለው ወደ ቤት የሚገባውን 220 የሚሰጡ ናቸው። አብዛኞቹ ባለ ሦስት ፌዝ (ኃይል የያዙ ሦስት ሽቦዎች ያሏቸው) ቢሆኑም አሠራራቸው ያንተው ነው፣ ሦስቱ በአንድ ብረት ላይ ሆነው ማለት ነው። ንጹሑን ነጠላ ፌዝ በትልቅነቱ ማየት ከፈለግክ በድሬዳዋ በኩል የሚያልፈውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመልከት። ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው አንድ ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይዟል፣ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዑደት)፣ ነጠላ ፌዝ። መመለሻው በሐዲዱ በኩል ነው። ሎኮሞቲቩ ሆዱ ውስጥ ትልቅ ነጠላ ፌዝ ትራንስፎርመር ይዞ ይጓዛል፤ 5 ሺህ ኪሎዋት ቢስብ እንኳ ከላይኛው ሽቦ የሚወስደው 200 አምፔር ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልመለስ። የሚሰማህ ማጎምጎም የብረቱ ድምፅ ነው። ብረት ማግኔት ሲገባበት በዓይን በማይታይ መጠን ርዝመቱ ይለወጣል። በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ስለሚለጠጥ በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ዝቅ ያለ፣ እኩል የሆነ ድምፅ ጤነኛ ነው። እንደ ቆርቆሮ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ብረቱን የያዙት ብሎኖች ላልተዋል፤ ነቅለህ አጥብቃቸው። ሌሊት፣ ሰፈሩ ሲተኛ፣ ድምፁ የሚብስ ከሆነም የመብራቱ ቮልት ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ሙቀቱ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከብረቱ ነው። የማግኔቱ መገለባበጥ ራሱ ኃይል ይበላል፤ በተጨማሪም ብረቱ ራሱ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ በውስጡ የሚሽከረከር ከረንት ይፈጠርበታል። ይህን ለመቀነስ ሲባል ብረቱ አንድ ወጥ አይሠራም። ሲሊከን ከተጨመረበት ብረት፣ ከግማሽ ሚሊሜትር ባልበለጠ ውፍረት፣ ፊታቸው መለያ የተቀባ ስስ ቅጠሎች ተደራርበው ይሠራል። አንዱን አሮጌ ትራንስፎርመር ፈተህ ብታይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጡ የኢ እና የአይ ቅርጽ ያላቸው ቅጠሎች ታገኛለህ። ሰው ሲጠግን ቅጠሎቹን በፋይል ከሞረደ ወይም ጠርዛቸውን በብየዳ ካያያዘ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ሊገናኙ፣ ባዶውንም ከልክ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ጋ ዕቃህን አትስጥ።

ሁለተኛው ሙቀት ከመዳቡ ነው፤ የሚመጣውም ሥራ ላይ ሲሆን ነው። ባንተው ትራንስፎርመር ላይ ብረቱ 12 ዋት ገደማ ይበላል እንበል፤ ይህ ሰካህበት አልሰካህበት ቀንም ሌሊትም የሚሄድ ነው። መዳቡ ደግሞ በሙሉ ጭነት 20 ዋት ያህል ይጨምራል፣ በግማሽ ጭነት ግን 5 ብቻ። እንግዲህ ባዶውን ሌት ተቀን ተሰክቶ ቢቀር በወር ከ8 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያለ ሥራ ይቆጥርብሃል። ሱቁን ስትዘጋ ንቀለው።

ባዶው ላይ ለብ ማለቱ ጤንነቱ ነው። እጅህን ጭነህ ማቆየት የማትችል ከሆነ ግን ላዩ 60 ዲግሪን ሳያልፍ አይቀርም፤ ውስጡ ደግሞ ከላዩ ይብሳል። ተራው መለያ የሚችለው እስከ 105 ዲግሪ ነው፤ ከሚችለው በላይ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ሐረር ላይ ያለ ችግር ሙሉ 500 ዋት የሚሠራ ትራንስፎርመር ድሬዳዋ ላይ፣ ግንቦትና ሰኔ ቀን ቀን 35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ያንኑ ሸክም አይሸከምም። ለድሬ ደንበኞች ከታርጋው (ቮልቱና ዋቱ ከተጻፈበት ምልክት) ላይ ካለው ዋት ሲሶውን ቀንሳችሁ ተጠቀሙበት እላለሁ። አንተ ጋ ያለው አየር ይረዳሃል፤ ግን በጨርቅ ቁርጥራጭ ክምር መሃል ካስቀመጥከው ሐረርም ድሬዳዋ ናት። ግድግዳ ላይ ወይም መደርደሪያ ላይ፣ ዙሪያው ባዶ ሆኖ ይቀመጥ።

ባዶውን ቶሎ የሚግል ከሆነስ? ምናልባት በአንዱ ጥቅል ውስጥ ቫርኒሹ ተቃጥሎ ጎረቤታሞች ዙሮች ተገናኝተዋል። አንድ የተገናኘ ዙር ማለት አጭር የተደረገ ትንሽ ሰከንደሪ ማለት ነው፤ ሳትሰካበትም ሁልጊዜ ይስባል። ጠምጣሚ ቤቶች ይህን የሚፈትሹት በቀላል ዘዴ ነው። 100 ዋት የሆነ የድሮውን ባለ ክር አምፖል ከፕራይመሪው ጋር በሲሪየስ፣ ማለትም ከረንቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ ጥቅሉ እንዲገባ አድርገው፣ ያስገቡና ባዶውን ይሰኩታል። ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ አይበራም ወይም ክሩ ብቻ ቀላ ይላል። ደምቆ ከበራ ተቃራኒው ቮልት የለም፣ ጥቅሉ ተበላሽቷል። ቴስተሩ እዚህ ላይ አይረዳህም፣ ከ330 ዙር አንዱ ሲጎድል የኦሙ ልዩነት አይታይም።

ካውያውን በተመለከተ፣ አትሰካው። 110 ቮልት የሆነ ካውያ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዋት በላይ ነው፤ 1,200 ይሁን። ትራንስፎርመሩ «500 ነኝ፣ አልችልም» አይልህም። ፔዳሉን ስትረግጥ የሆነውን አስታውስ፦ ሰከንደሪው የጠየቀውን ሁሉ ፕራይመሪው ይስባል። 1,200 ዋት ከጠየቅከው ወደ 1,200 የሚጠጋ ይሰጥሃል፤ ከረንቱ ከ2 እጥፍ በላይ ስለሚሆን የመዳቡ ሙቀት ከ5 እጥፍ በላይ ይሆናል። ከ20 ዋት ወደ 110 ዋት ግድም፣ በዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ። ካውያው ሸሚዙን አስተካክሎ ይተኩስልሃል፣ ትራንስፎርመሩ ግን ውስጥ ውስጡን ይቃጠላል። ለካውያ የሚሆን ትራንስፎርመር ቢያንስ 1,500 ዋት ነው፣ ክብደቱም ዋጋውም ሌላ ነው። እኔ የምመክርህ የ220 ካውያ መግዛት ነው፤ ይረክስሃል።

ከልክ በላይ ሲጫን የሚከለክለው ፊውዝ ነው፣ እሱ ባንተው ላይ መኖሩን አረጋግጥ። በገቢው በኩል 3 አምፔር፣ ያውም ዘግይቶ የሚቆርጠው ዓይነት መሆን አለበት። ዘግይቶ የሚቆርጥ ያልኩህ በምክንያት ነው። ትራንስፎርመር ስትሰካ አንዳንዴ «ቧ» ብሎ መብራቱ እንደሚርገበገብ፣ አንዳንዴም ብሬከሩ እንደሚወርድ፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም እንደማይል አስተውለህ ይሆናል። የሰካህበት ቅጽበት የመብራቱ ዑደት የት ላይ እንደነበረ ነው የሚወስነው። ቮልቱ በዜሮ በኩል ሲያልፍ ከሆነ፣ ማግኔቱ ከተለመደው እጥፍ ድረስ ሊወጣ ይሞክራል። ብረቱ ያን ያህል አይችልም፣ ይጠግባል። የጠገበ ብረት ማግኔቱ መለዋወጥ ያቆማል፣ ተቃራኒው ቮልት ይጠፋል፣ ያ 2 ኦም ብቻውን ከግድግዳው ጋር ይፋጠጣል። ከሙሉ ጭነቱ 10 እጥፍ የሚሆን ከረንት ለጥቂት ዑደቶች ሊገባ ይችላል፤ ከዚያ ራሱ ይረጋጋል። ቶሎ የሚቆርጥ ፊውዝ ካስገባህ በየጠዋቱ ስትቀይር ትኖራለህ። ሰዎች በዚህ ተማርረው ፊውዙን በመዳብ ሽቦ ይተካሉ፤ ይህን ፈጽሞ አታድርግ።

የብረቱ መጥገብ ሌላም ጊዜ ይመጣል። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ 50። ማግኔቱ ቮልቱን ለኸርዙ ስታካፍለው የሚገኘውን ተከትሎ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራን ትራንስፎርመር እዚህ ስትሰካው ብረቱ 20 በመቶ ተጨማሪ ማግኔት ይሸከማል። ፋብሪካው ብረት ቆጥቦ ከሠራው ይጠግባል፣ ያጎመጉማል፣ ይግላል። ታርጋው ላይ 50 ኸርዝ ወይም 50/60 የሚል ካላየህ አትግዛ። ደግሞም ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ኸርዝ አይቀይርም። ወደ መኪናህ የሚሄደው 110 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። ካርቦን (ብሩሽ የሚባለው) ያለው የስፌት መኪና ሞተር ለዚህ ግድ የለውም። ካርቦን የሌለው ተራ ሞተር፣ ለምሳሌ የ60 ኸርዝ ፍሪጅ ወይም ፋን፣ ፍጥነቱ በስድስት አንድ ይቀንስና ይሞቃል። ወንድምህ ሌላ ዕቃ ሊልክ ካሰበ ታርጋውን ፎቶ አንስቶ አስቀድሞ ይላክልህ።

አንተ የገዛኸው ሁለቱ ጥቅሎች የተለያዩበት መሆኑ ዕድለኛ ያደርግሃል። ገበያ ላይ ካሉት ቀላል መቀነሻዎች ብዙዎቹ፣ ስታብላይዘሮችም ጭምር፣ አንድ ጥቅል ብቻ ነው ያላቸው፤ 110ሩ የሚወጣው ከጥቅሉ ወገብ ላይ ነው። አውቶ ትራንስፎርመር ይባላሉ። በቴስተር ስትለካቸው ገቢና ወጪው ጢጥ ይላል። ብረትና መዳብ ስለሚቆጥቡ ለዚያው ዋት ይቀላሉ፣ ይረክሳሉም። ሥራቸው መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የጋራው ጥቅል ቢበጠስ 220ው በቀጥታ 110 መኪናህ ላይ ይወርዳል። ሶኬቱን ገልብጠህ ስትሰካውም ፌዙ የጋራው ጫፍ ላይ ይውላል፤ ያኔ የ110ሩ አንዱ ሽቦ ከምድር አንጻር 220 ይሆናል። ብረት ለብሶ እጅህ ሁልጊዜ የሚነካው የስፌት መኪና ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተለያየው ዓይነት ከዚህ ያድንሃል። ሆኖም ከሁለቱ የወጪ ሽቦዎች መሃል ከገባህ 110 ቮልትም ይገድላል፤ የመኪናውን ብረት ግራውንድ ከሚባለው ከምድር ሽቦ ጋር ማገናኘትህን አትተው።

ወደ ባትሪው ስንመጣ፣ ያስያዝኩህን የፋራዳይ መርፌ አስታውስ። የሶላር ባትሪ የማይለዋወጥ 12 ቮልት ነው። ፕራይመሪው ላይ ብታገናኘው በቅጽበቱ አንድ ጊዜ ሰከንደሪው ላይ ብልጭ ይልና ያበቃል። ማግኔቱ ቆሟል፣ ሰከንደሪው ዜሮ ነው፣ ተቃራኒውም ቮልት ዜሮ ነው። የቀረው 2 ኦም ሽቦ ስለሆነ 6 አምፔር ያህል እየሳበ 72 ዋት ሙቀት ይሆናል። የስፌት መኪናህ አይንቀሳቀስም፣ ባትሪህ ያልቃል፣ ጥቅሉ ይበስላል።

በመሃል የሚያስፈልገው ኢንቨርተር ነው፤ የባትሪውን ቀጥተኛ መብራት እየቆራረጠ ተለዋዋጭ የሚያደርገው። (የስልክ ቻርጀርም ውስጡ ትራንስፎርመር አለው። እሱ መጀመሪያ የግድግዳውን መብራት ቀጥ አድርጎ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይቆራርጠዋል። ኸርዙ ሲበዛ የሚያስፈልገው ብረትና ዙር ስለሚያንስ ነው አውራ ጣት የምታክል የሆነችው።) ኢንቨርተር ስትገዛ የሚያወጣው ሞገድ ክብ፣ ንጹህ ሳይን የሆነውን ምረጥ። ደረጃ ደረጃ ያለው ርካሹ ዓይነት ትራንስፎርመሩን አብዝቶ ያስጮኸዋል፣ ያሞቀዋልም። የስፌት መኪናህ 100 ዋት ቢሆን ሞተሩ ሲነሳ ከዚያ በላይ ስለሚጠይቅ፣ ትራንስፎርመሩም ሲሰካ ያን የመጀመሪያ ግፊት ስለሚፈልግ፣ ቢያንስ 500 ዋት የሆነ ኢንቨርተር ያዝ፤ መጀመሪያ ትራንስፎርመሩን ሰክተህ ከተረጋጋ በኋላ መኪናውን አስነሳ። ከባትሪ በቀጥታ 110 የሚያወጣ ኢንቨርተር ወንድምህ ሊልክልህ ከቻለ ግን ለመብራት መጥፊያው ጊዜ ትራንስፎርመሩን በመሃል ማስገባት ጨርሶ አያስፈልግህም፤ ብረቱ የሚበላው 12 ዋትም ለባትሪህ ይተርፋል።